ከሀዋሳ በቀር ማንም እንዳያዝዘው

ሰኔ 5 ቀን 2004

ለሚመጣው ጥፋት ሁሉ ተጠያቂው ጠሀ ነው። ጥፋቱ ገና አልመጣም። ሲመጣ ግን ንዴት እጄን ስለሚያንቀጠቅጠው ጽሑፌ አይነበብም፤ ስለዚህ ቀድሜ ጻፍኩት።

ጠሀ የሟች እህቴ ልጅ ነው። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር እያገናኘ ይኖራል። እኔን፣ እስከ አርባ ሰባት ዓመቴ በአውራ ጣቴ ስፈርም የኖርኩትን ሴት፣ አግባብቶ የሀዋሳውንና የዲላውን የሕንፃ መሣሪያ ሱቄን በኪራይ መስመር አገናኘልኝ። መስመሩ ፍሬም ሪሌይ ይባላል። ስሙን አፌ እስኪለምደው ድረስ ሰው ፊት አልጠራውም ነበር፤ አሁን ሰው ሳይጠይቀኝም እጠራዋለሁ። በየሱቁ ራውተር የሚሉት ጥቁር ሳጥን አለ። ዲላ የተሸጠ ቆርቆሮና ምስማር ሁሉ በሳጥኑ አልፎ፣ በመስመሩ መጥቶ፣ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ።

የዲላውን ሱቅ የያዘችው ልጄ ሩዋይዳ ናት። ዛሬ ደወለች።

"እማ፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ። ወይ ዋጋውንም ግዢውንም ለእኔ ትተይልኛለሽ፣ ወይ ከዒድ በኋላ ቁልፉን አስረክብሽና ድሬዳዋ እገባለሁ። ዩኑስ እዚያ ሥራ አግኝቷል።"

ዩኑስ ባሏ ነው።

"ቁልፍ መቀበል አያቅተኝም" አልኳትና ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ የዲላን ሽያጭ ከፈትኩ። ሠላሳ ቆርቆሮ ሸጣለች። የምር የተቆጣ ሰው ሠላሳ ቆርቆሮ አይሸጥም ብዬ ተረጋጋሁ።

ሰኔ 9

ጠሀን ሐይቅ ዳር ዓሣ ጋበዝኩት።

"አክስቴ ዓሣ ሲጋብዙኝ ሥራ አለ ማለት ነው" አለ አጥንቱን እየለየ።

"የዲላውን ሳጥን እዚህ ሆነን ማዘዝ እንችላለን?"

"እንችላለን። የሽያጩ ወሬ በሚመጣበት በዚያው መስመር ትእዛዙም ይሄዳል።"

"ሩዋይዳ ሳትነካው?"

ማኘኩን አቆመ። "ምን አደረገች?"

"እኔ ነኝ የጠየቅኩህ።"

"እንችላለን" አለ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ። "ግን መንገዱ ያው አንድ ብቻ ነው። ተሳስተን ከዘጋነው መመለሻ የለንም። ከጎኑ አንድ የስልክ መስመር ብናስገባለት፣ ዋናው ቢዘጋ በዚያ እንገባለን።"

"ለአንድ ሳጥን ሁለት መንገድ? እኔ አንዱንም አጥቼ የኖርኩ ሴት ነኝ።"

"አክስቴ፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው የቆሙበትን ቆርቆሮ እንደ መቀየር ነው።"

"ስለ ቆርቆሮ ለእኔ ታስረዳኛለህ?" አልኩት። ስለ መሰላሉ፣ ስለዚያ የስልክ መስመር፣ ሁለታችንም ሳናነሳ ዓሣው አለቀ።

ሰኔ 13

የሽያጩ ገጽ ጥግ ላይ "አስተያየት" የምትል ጠባብ ቦታ አለች። የተሰበረ ወይም የተመለሰ ዕቃ ይጻፍባታል። ሩዋይዳ ግን የማይመለከታትን ትሞላባት ነበር። "ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዘነበ።" "ጎረቤታችን ወልዳ ገንፎ በላን።" "እማ፣ የደም ግፊት መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" የካቲት ላይ ደውዬ፣ ይህች ቦታ ለስብራት ናት አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስብራት ብቻ ትጽፋለች። ሥርዓት እንዲህ ነው።

ዛሬ ቦታዋ ባዶ ናት። ትናንትም ባዶ ነበረች። ምንም አልተሰበረም ማለት ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባል።

ሰኔ 24

ሒሳብ ሠራተኛዬ ሐዳሳና ገንዘብ ተቀባዩ ሳዳም ከቀለም ጣሳዎቹ ጀርባ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"እትዬ እኮ ልጃቸውን በሽቦ ነው የሚያሳድጉት" አለች ሐዳሳ።

"ገዢ ከመጣ ሽቦውንም ይሸጡታል። በሜትር!"

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሳዳም ወዲያው ጣሳ መቁጠር ጀመረ፤ ጠዋት የቆጠራቸውን። ልቆጣ ነበር፣ ግን "በሜትር" የምትለዋ አሳቀችኝ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤቴ ገብቼም ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ የሚስቅ ሌላ ሰው እንደሌለ አየሁና ተውኩት።

ሐምሌ 2

መብራት ሄዶ ዋለ። አምና እንዲሁ ሄዶ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ከኮምፒውተሩ ጠፍቶብን ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣሁ። አንድ መስመር ጻፍ፣ ሴቭ አድርግ። ሌላ ጻፍ፣ ሴቭ አድርግ። ሕጉን በእጄ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ሳዳም ይቀልድብኛል፤ "እትዬ፣ ምሳ በልቼ መጣሁ፤ ሴቭ ላድርገው?"

ይቀልድ። ፊደል ዘግይቶ የደረሰው ሰው ያልተመዘገበ ነገር ያስፈራዋል። የባሌ ወንድም የመጀመሪያውን ሱቃችንን የወሰደብኝ በቃል ብቻ በነበረ ውል ነው። ያኔ ሩዋይዳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ደብተሯን ይዛ መጥታ "ነይ እማ፣ ሀ በይ" ያለችኝ በዚያ ዓመት ነው። ስሳሳት ጠረጴዛውን በማስመሪያ ትመታ ነበር። አሁን ደግሞ ንግድ ልታስተምረኝ ነው።

ሐምሌ 14

ረመዳን ሁለት። ሆዴ ባዶ፣ ጭንቅላቴ ባዶ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደግሞ ገጹም ባዶ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠሀ ከሰዓት በኋላ መጣ። ያዘዝኩት ግልጽ ነው፤ የዲላውን ሳጥን ከሀዋሳ በቀር ማንም እንዳያዝዘው። ሩዋይዳ ቁልፉን ብታስረክብ ዲላ እጄ ላይ ናት፣ ባታስረክብም እጄ ላይ ናት። ሳጥኑ እስከ ዛሬ በመስመሩ ማዶ ያለውን ራሱ እየጠየቀ ይተዋወቅ ነበር። ይህን ማስተው፣ በምትኩ የሀዋሳን ቁጥር ብቻ መጻፍ ነው፤ ይህን ስማ፣ ሌላ አትስማ።

ጠሀ ከሁሉ በፊት ለሳጥኑ አንድ ሌላ ትእዛዝ ሰጠው።

"ይሄ ምንድነው?"

"ትንሽ ቆይቶ ራሱን አጥፍቶ እንዲነሳ ነው። ተሳስቼ መንገዱን ብዘጋው፣ ሲነሳ የአሁኑን ረስቶ የድሮውን ይይዛል። ሁሉም ደህና ከሆነ እሰርዘዋለሁ።"

ብልሃቱን ወደድኩለት። አንዳንድ ሰውም እንዲህ ተደርጎ ቢሠራ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ሁለት መስመር ጻፈ።

"ሴቭ አደረግህ?"

"ገና ነኝ። ይሄ ሳይሞከር ሴቭ አይደረግም፣ አክስቴ።"

"እኔ ሱቅ ውስጥ ይደረጋል።"

"ሴቭ ካደረግሁት እኮ ሲነሳም የሚያስታውሰው ይሄንኑ ነው። ብልሃቱ ራሱ…"

በዚህ መሐል መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። አላህ ምስክሬ ነው፣ ብልጭ ድርግም ብሏል። የግድግዳውን ወረቀት እየጠቆምኩ "ሴቭ!" ብዬ ጮኽሁ። ሐዳሳ ከጠረጴዛዋ በልማድ "ሴቭ!" አለች። ሳዳም ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ከቆርቆሮው ክምር ሥር "ሴቭ!" አለ። ጠሀ ጾመኛ ነው፤ ሦስት ሰው ጮኸበት። አደረገው።

ምንም አልሆነም። የዲላ ሽያጭ እንደወትሮው ይመጣል። "አየህ?" አልኩት። መግሪብ ደረሰ፤ ተምርና ሾርባ አቀረብኩለት። ሾርባው ግማሽ ላይ ሲደርስ ማንኪያውን ጣለ።

"ወይኔ! አልሰረዝኩትም!"

ሳጥኑ እንደታዘዘው ራሱን አጥፍቶ ተነሥቷል። እስከዚያ ድረስ መስመሩ የቆየው በድሮው ትውውቅ ነበር። ሲነሳ ግን አዲሱንና ሴቭ የተደረገውን ብቻ ያዘ። ጠሀ የሀዋሳ ቁጥር ያለበትን ወረቀት ከመብራቱ ሥር አስጠግቶ አየ። ከሀዋሳ ቁጥር አንዷን አኃዝ ስቷል። ሳጥኑ በዓለም ላይ ከሌለ ሰው በቀር ማንንም አልሰማም ብሎ ተቀምጧል።

"እና አስተካክለዋ!"

"በምን በኩል ገብቼ? የተዘጋው እኮ የምገባበት መንገድ ነው።"

"ጭራሽ ማንንም አይሰማም?"

"አጠገቡ ቆሞ ገመድ የሰካበትን ሰው ይሰማል። አጠገቡ ያለን ሰው ሁሌም ይሰማል።"

ከሀዋሳ በቀር ማንም እንዳያዝዘው ነበር ያልኩት። አሁን ከሀዋሳ በቀር የፈለገ ሰው ሁሉ ሊያዝዘው ይችላል።

ሐምሌ 15

ዲላ አትታይም። ገጹ ነጭ። አጥፍቼ አበራሁት። በመዳፌ መታሁት። ነጭ።

ተጠያቂው ጠሀ። ጽፌው ነበር።

ሐምሌ 17

ጠሀ ዲላ ሄዶ ተመለሰ። ሁለት አናናስ ይዞ መጣ።

"ሳጥኑስ?"

"አላየሁትም። ክፍሉን አልከፈተችልኝም።"

"ምን አለችህ?"

"'አፍጥር' አለችኝ። ሾርባዋ እንዴት ያለ መሰልዎት…"

"ጠሀ!"

መሬት መሬት እያየ ተናገረው። "'እናቴ የዘጋችውን እናቴ መጥታ ትክፈተው' አለች።"

ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ ዲላን አልረገጥኩም። ምን ያስረግጠኛል? በየቀኑ አያት ነበር። ባቡር ሐዲድ እንደ ዘረጋ ሰው ቤቴ ቁጭ ብዬ የማዝዘውን… አይ፣ ይህ ምሳሌ አላማረኝም። አልሄድም፤ አለቀ።

አናናሱ ጣፋጭ ነው። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሐምሌ 24

ዛሬ ምንያህል የሚባል የዲላ ግንበኛ ለቀለም መጣ። "ቆርቆሮውንስ አትወስድም?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ቆርቆሮማ ከልጅዎ ገዛሁ እትዬ። ደግሞ ወረፋው! ዝናቡ ሳይብስ ሁሉም እየሸፈነ ነው። በእጇ ደረሰኝ እየቆረጠች ታስተናግዳለች፤ ጎበዝ ናት።"

እንግዲህ ያለ መስመር፣ ያለ ሳጥን፣ ያለ እኔ። መስመሩ ሲቋረጥ ሱቁ አንድ ሳምንት አይቆምም ብዬ ነበር። ጮክ ብዬ አላልኩትም፤ በረመዳን እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይባልም።

ከሰዓት በኋላ ሳዳም ስልክ ይዞ ሲያወራ ደረስኩ። ሩዋይዳ ዕቃ እንዲላክላት ስታዝ ኖሯል።

"እኔን ጠየቀች?"

"አዎ እትዬ፤ 'መኪናው መቼ ነው የሚወጣው' አለች።"

"እኔን ነው ያልኩህ!"

ሳዳም ጆሮውን አከከ። "እርስዎንማ… ስልኩ ይቆራረጥ ነበር እኮ።"

ይህ ልጅ መዋሸት አይችልም። ገንዘብ ተቀባይ ያደረግሁትም ለዚህ ነው።

ነሐሴ 3

ሱቅ ስዘጋ አሁንም ገጹን እከፍተዋለሁ። ነጭ ነው፤ እንደሆነም አውቃለሁ። ሐዳሳ ቦርሳዋን አንግታ ከበር ላይ አየችኝና ወጣች። ብትቀልድ ይሻለኝ ነበር።

ያቺ ጥጓ ላይ ያለችው ቦታ። ምን ተሰብሮ ይሆን?

ነሐሴ 8

"እትዬ፣ ዒድ ደረሰ አይደል?" አለች ሐዳሳ።

"አንቺን ምን አገባሽ? ፕሮቴስታንት ነሽ።"

"ምግቡ ያገባኛል። አምና የሩዋይዳን ኬክ በልተናል። ዘንድሮስ ትመጣለች?"

ዒድ ሲያልፍ ቁልፉን እንደምታስረክብ ሐዳሳ ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል። ለጠሀ ደወልኩ።

ነሐሴ 10

ዲላ ሄድን።

ሚኒባስ ውስጥ ጠሀ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ አንቀላፋ። እኔ መስኮት አየሁ። ዝናብ፣ እንሰት፣ ዝናብ። ከአለታ ወንዶ በኋላ አዲስ የተሸፈኑ ጣሪያዎች ስቆጥር ራሴን ያዝኩት፤ የትኛው የእሷ ቆርቆሮ እንደሆነ ልለይ እየሞከርኩ።

ሩዋይዳ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ ለአንድ ሰው ምስማር ትመዝናለች። ግንባሯ ላይ ሽበት አለ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ገጹ ላይ ሽበት አይታይም።

"መጣሽ?" አለች ሚዛኑን ሳትለቅ።

"አይ፣ አልመጣሁም። በሽቦ ነው የምታይኝ።"

ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ግን ነከሰች። እኔም ሳቅ ሲመጣብኝ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ክፍሉን ከፈተችልን። ሳጥኑ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ዳንቴል ለብሷል። ጠሀ ጮኸ። "ዳንቴል? ይሞቃል እኮ ሩዋይዳ! መተንፈሻው እኮ ነው!"

"አቧራ እንዳይገባበት ነው። እማ የምታምነው እሱን ብቻ ስለሆነ በክብር ያዝኩት።"

ጠሀ ዳንቴሉን አንስቶ አጥፎ ሰጠኝ። የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ እጄ ላይ ያዝኩት። ሰማያዊውን ገመድ ሰካ፤ ፊደሎቹ መጡ።

"የተሳሳተችው መስመር ይቺ ናት" አለ። "የተሰጠውን ትእዛዝ ለመሻር ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ከፊቱ 'ኖ' ብሎ መጻፍ ነው።"

"እማ ትጻፈው" አለች ሩዋይዳ።

"እንግሊዝኛ አላውቅም።"

"ሁለት ፊደል ነው።" ወንበሩን ሳበችልኝ። "ነይ እማ፣ ኤን በይ።"

ኤንን ፈልጌ አገኘሁት። 'ኦ'ንም ራሴ አገኘሁት። የቀረውን ጠሀ ጻፈ፣ ትክክለኛውንም ቁጥር አስገባ፤ ሳጥኑም እንደ ድሮው እየጠየቀ ይተዋወቅ ዘንድ ፈቀደለት።

"ሴቭ ላድርገው?" ብሎ በዓይኑ ጥግ አየኝ።

"ቆይ" አልኩ። "መጀመሪያ ይሞከር።"

ጠሀ ፈገግ ብሎ ሞከረው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ሳዳም ነው።

"እትዬ! እትዬ! ዲላ መጣች!"

"አውቃለሁ። ዲላ ነኝ።"

ጠሀ ሴቭ አደረገውና ከዩኑስ ጋር ወደ ቤት ሰደድነው። ሱቁ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሩዋይዳ ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ በሁለታችን መካከል አስቀመጠችው።

"ይኸው። ዒድን ምን ያስጠብቀናል።"

ቁልፉን አየሁት። ስለ ምስማሩ አነሳሁ፤ እርጥበት አግኝቶት ዝጓል፣ ከመሬት ከፍ ይበል አልኳት። ሚዛኑን በጨርቅ ጠረገች። እንደ እኔ ዝም ማለት የሚችል ሰው እሷን ብቻ ነው የማውቀው።

"ዋጋ ስትቀይሪ ንገሪኝ" አልኳት በመጨረሻ።

"አልነግርሽም።"

"ከቀየርሽ በኋላስ?"

"ማወቅ ከፈለግሽ ደውለሽ ጠይቂኝ።"

"ስለ ዋጋ?"

"ስለ ዋጋም።"

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ቆርቆሮው የእኛው ነው፤ ወፍራሙ ዓይነት። ቁልፉን በጣቴ ወደ እሷ ገፋሁት። እሷ ጋ ድረስ አልደረሰም፤ የቀረውን እሷ ሳበችው።

"ድሬዳዋ ይሞቃል" አልኳት።

"በጣም ይሞቃል" አለች።

ካፈጠርን በኋላ ዩኑስ ውጪ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ለድሬዳዋዎቹ "አልመጣም" ሲላቸው በመስኮት ሰማሁት።

ነሐሴ 13

ዒድ። ሩዋይዳና ዩኑስ ትናንት መጥተው አደሩ። ሐዳሳ ኬኳን በላች፣ ሳዳምም በላ፣ "ሴቭ ላድርግ?" እያለ ለእናቱም ጠቀለለ። ማታ ሁሉም ሄዶ ቤቱ ጸጥ ሲል ይህን እጽፋለሁ።

ጠሀ ያን የስልክ መስመር ከሳጥኑ ጎን ላስገባ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስገባ አልኩት። ተጠያቂው አሁንም እሱ ነው። ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ ጠበቅ አድርጎ ቢከራከረኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። አልልም ነበር፤ ቢሆንም መከራከር ነበረበት።

ዲላን ማን ይዘዛት ብሎም ጠየቀኝ። አጠገቧ ያለው ሰው አልኩት። ለእኔ ሽያጩን በወር አንዴ ማየት ይበቃኛል፤ የእኔንም የይለፍ ቃል እንደዚያ አድርጎ ቀየረው። አንዴ ከቀየረ በኋላ በሳምንት ቢሆንስ ብዬው ነበር፤ አልሰማ አለኝ።

ከሰላት ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ መንገድ ላይ አቅፋኝ "ሩዋይዳ እንዴት ናት?" አለችኝ። አፌ ከልማዱ ተነሥቶ ሊመልስላት ሲል ያዝኩት፤ እዚያው ጭቃው ላይ ቆምኩ። ሴትዮዋ አሞኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። "ሸብታለች" አልኳት። "ትንሽ። ያምርባታል።"

ሱቅ ስዘጋ ገጹን አልከፍትም። ልጄ የጻፈችውን ሁሉ ይህ ለስብራት ነው ብዬ አልመልስባትም። ልጅሽ እንዴት ናት ለሚለኝ ሰውም ከእንግዲህ "ሽያጩ ደህና ነው" ብዬ አልመልስም።